ቆቁ ያስገባት ልጅ

«አሁን አስገብቼሽ የለ እንዴ? በየት በኩል ወጣሽ?»

ልጅት ምሳ ዕቃውን እንዳቀፈች ከጥጥ መጋዘኑ በር ላይ ቀጥ አለች። አባቷ ዱላውን በጉልበቶቹ መሀል ይዞ ከእግር እስከ ራሷ ያያታል። ሠፈሩ «ቆቁ» ይለዋል። ዝንብ እንኳ ሳታስፈቅደው አታልፍም፤ መጋዘኑን መጠበቅ ከጀመረ አንዲት ክር አልጠፋችበትም።

«አባዬ፣ ገና መምጣቴ ነው። ፀሐይ መትቶህ እንዳይሆን።»

«እኔን ነው ፀሐይ የመታው?» ብሎ ሳቀ። «ሰሞኑን እዚሁ አይደል የምትውይው? ውሃ አልሽ፣ ሰጠሁሽ። በረደኝ አልሽ፣ ጆንያ አነጠፍኩልሽ።»

ያን ጊዜ ሆዷን ጨምድዶ ያዛት። ምሳ ዕቃውን መሬት አኑራ ግድግዳውን ተደገፈች። የመጣችው ለምሳው ብላ አይደለም። ነገ ቀዶ ጥገና አለባት፤ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች ደግሞ እሱ «እሺ» ካላለ ሐኪሟ አትነካትም። እሱ እንደሆነ በየወሩ ስትንፈራፈር እያየ «የሴት ወግ ነው፣ ያልፋል» ባይ ነው።

ሐኪሟ አንድ በአንድ አስረድታታለች። ማህፀኗ ውስጥ መኖር የነበረበት ሥጋ ከማህፀኗ ውጭ በቅሏል። የሰውነቷ ጠባቂዎች ያዩታል፤ ግን የራሷ ሥጋ ስለሆነ አያባርሩትም። ዝም ቢሉት እንኳ ደግ ነበር፤ ጭራሽ ደም ሥር ዘርግተው ያበሉታል። በዙሪያው የሚያነዱት እሳት የሚለበልበው ግን እሷን ነው። «ታዲያ እነዚህን ጉዶች ከሥራ አናባርራቸውም?» ብላ ሐኪሟን አስቃት ነበር። አሁን ሳቁ ከየት ይምጣ።

«አባዬ፣ ነገ እኮ ነው። እሺ በለኝ።»

«ምንሽን ነው የሚያምሽ? እዚያ ውስጥ ሆነሽ አንድም ቀን አመመኝ ስትይ አልሰማሁሽ። እንዲያውም ወፍረሻል።»

ልጅት ቁልቁል ወገቧን አየች። የራሷ ቀሚስ ከሰውነቷ እየሰፋ በመቀነት ነው የምታስረው።

«እስቲ ጥራት» አለችው ቀስ ብላ።

«ማንን?»

«ውስጥ ያለችውን።»

ቆቁ እንደ ቀልድ ፊቱን ወደ በሩ ስንጥቅ አዙሮ፣ በሕፃንነቷ ያቆላምጣት በነበረው ስም ተጣራ። «ድምቡሼ!»

«አቤት» አለ የልጅት ድምፅ፣ ከጥጡ ክምር ጀርባ። ወዲያው ደግሞ ከጣሪያው ሥር፣ «አቤት»። ከወለሉም፣ «አቤት አባዬ»።

ዱላው ሸርተት ብሎ ወደቀ። ቆቁ ዞሮ ልጁን አያት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ አፏን አልከፈተችም።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው?» አለ በሹክሹክታ። «እኔው ራሴ እወስድሻለሁ።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከሷ አልነቀለም። እጁ ግን እንደለመደው ምሳ ዕቃውን ከፍቶ፣ ዳቦውን ቆርሶ፣ በበሩ ሥር ወደ ጨለማው ገፋው።

ከወዲያ በኩል ተቀበሉት።