አርባ ቀን የሚቆይ ሸርጣን

የዱካሌ እርባታ ሸርጣኖች አዲሱን መኖ መብላት ከጀመሩ ወዲህ ሥጋቸው ያለ ፍሪጅ አርባ ቀን ይቆያል። ዱካሌ ይህን ጉራውን ሲነፋ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሠላሳ ዓመት ዓሣ የሸጡት አማቱ ወይዘሮ ሸዋረገድ የቀረበላቸውን የሸርጣን ሳህን አሽትተው አፍንጫቸውን ነፉ።

"ምንም አይሸትም እኮ፣ እማማ!"

"እሱን እኮ ነው የምልህ። የማይሸት ነገር ምኑ ሸርጣን ነው? ፕላስቲክ ነው ያረባኸው።"

ቁራሹን በመስኮት ወረወሩት። ደጅ የቆመው አባ ኮዳ፣ ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ነጠላ ጫማ የዋጠው ያ ሆዳም ወፍ፣ በመንቆሩ ነካ አድርጎ ትቶት ሄደ።

"ይኸው ደንበኛህ!" አሉ እየሳቁ።

ዱካሌ ተናደደ። "ወፍ ምን ያውቃል? ልጄ ጡት ከጣለች ጀምሮ የምትበላው ይህንኑ ነው። አንድ ቀን አሟት ያውቃል?"

የልጅ ልጃቸው ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። ወይዘሮ ሸዋረገድ አሁን ከሚኖሩበት ከአዲስ አበባ በመጡ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርጉት አንገቷ ሥር ገብተው የሕፃን ጠረኗን መሳብ ነበር፤ ዛሬ ግን በሸርጣኑ ነገር ረስተውት ነበር። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ጎንበስ ብለው አሸተቷት።

ደግመው አሸተቷት።

ምንም አትሸትም።