ትንባሆውን ተቀብሏል

«አካም!» ይላል አቶ ኃይለመስቀል፣ የእናቴን እጅ እንደ ደወል ገመድ እየወዘወዘ። ከዚህ ሌላ ኦሮምኛ የለውም። ወደ እኔ ይዞራል። «አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽ? ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ከአራተኛ ነው ያቋረጥኩት ጌታዬ። ግን አራተኛን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩት አምስት ይቆጠርልኛል።»

አጃቢዎቹ ይስቃሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ዛሬ ፊቴ የእኔ አይመስለኝም፤ ጥርሷን እንደተነቀለች ሰው ደንዝዣለሁ።

ግራሩ ሥር ወንበር አውጥተውለት ተቀምጧል። ፓርላማ የሚገባው የእኛ እንደራሴ እሱ ነው፤ ከተመረጠ ሦስት ሳምንቱ። መራጩን ሊያመሰግን መጥቶ፣ አሁን ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ላንድሮቨሩ ተጭኖ ቆሟል። ከመንገዱ ማዶ እስር ቤቱ ነው። አባቴ ጎሊቻ እዚያ ውስጥ አምስት ወሩ። የተሰረቀ ከብት ከሚነዱ ሰዎች ጋር ከአንድ ኤላ ጉድጓድ ውኃ ሲቀዳ ታይቷል ተብሎ ነው የታሰረው። ነገ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ ይርጋለም ይወስዱታል። ከእኛ ሰው ይርጋለም ተወስዶ የተመለሰ አላውቅም።

እናቴ ከሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ትንባሆ ፈትታ በሁለት እጇ ትዘረጋለታለች። በእኛ አገር ጉዳይ ያለው ሰው ሽማግሌ ፊት ባዶ እጁን አይቀርብም። ትንባሆውን የተቀበለም ጉዳዩን ተቀብሏል፤ መላ ሳያበጅለት አይነሳም።

አቶ ኃይለመስቀል ያሸተዋል። «እግዜር ይስጥልኝ» ይልና ኪሱ ይከተዋል።

የእናቴ ትከሻ ዝቅ ይላል። አምስት ወር ሙሉ ጆሮዋ ሥር ተሰቅሎ የከረመ ትከሻ ነው።

«በይው» ትለኛለች። «ባሌን ያውጣልኝ።»

እነግረዋለሁ። «የመረጥንዎትም ለዚሁ ነው» የሚል ከራሴ እጨምርበታለሁ። መጨመር ልማዴ ነው። ገበያ ላይ ነጋዴው «አልቀንስም» ሲል፣ ለእናቴ «ለእንዲህ ያለች ቆንጆስ በነፃም እሰጥ ነበር፣ ሚስቴን ፈርቼ ነው» አለሽ እላታለሁ። እሷም ሁልጊዜ «ያንቺን ተይና የሱን ንገሪኝ» ትለኛለች።

ምርጫውም የእኔ ሥራ ነው። መምህር ወልደሚካኤል «እንደራሴ የሕዝብ አፍ ነው» ብለው አስተምረውናል። እኔም በየኤላው እየዞርኩ፣ «የአቶ ኃይለመስቀል ምልክት ፋኖስ ነው፤ ፋኖስ የተሳለበትን ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ክተቱ፣ አባቴን ያስፈታል» አልኩ። አጎቴ ሶራ አርባ ሰው አስከትሎ ሁለት ቀን በእግሩ መጣ።

አቶ ኃይለመስቀል ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ስሚኝ ልጄ። የእኔ ሥራ ምክር ቤት ገብቶ ሕግ ላይ መምከር ነው። እስረኛ ማስፈታት ሥራዬ ውስጥ የለም። እሱ የዳኛውና የአውራጃ ገዥው ነው።»

«ገዥውን መቼ ነው የመረጥነው?»

«ገዥ አይመረጥም። ከላይ ይሾማል።»

«ዳኛውስ?»

«እሱም ይሾማል።»

«ታዲያ የመረጥነው እርስዎን ብቻ ነው?»

«እኔን ብቻ» ይላል፤ ፊቱ ይቀላል። ፀሐዩም ሊሆን ይችላል።

«ለገዥው አንድ ቃል ቢነግሩልንስ?»

«ትናንት እራት ላይ አነሳሁለት። ‹አንተ ፓርላማህን፣ እኔ አውራጃዬን› ብሎ ሳቀ።» ሰዓቱን ያያል። «አልችልም ብሏል በያት። አይዞሽ በያት።»

ትንባሆውን ስጦታ መስሎት ኪሱ እንደያዘው ብድግ ይላል።

እናቴም አብራው ትነሳለች። ትንባሆ ተቀብሎ የሚነሳ ሰው ጉዳዩን ሊፈጽም ነው የሚሄደው። ለአባቴ ያመጣችውን የወተት ጮጮ አንስታ ወደ እስር ቤቱ በር ትዞራለች፤ ሻሿን ታስተካክላለች። ላንድሮቨሩ በበሩ ፊት ያልፍና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በወደራ መንገድ ይታጠፋል።

እስኪሰወር ታየዋለች።

«ምን አለ?»

እነግራታለሁ። «አልችልም አለ። የሚያስፈቱት ዳኛውና ገዥው ናቸው አለ። ገዥውም ሳቀበት። አይዞሽ ብሎሻል።» አንዲት ቃል አልጨመርኩም። አንዲትም አልቀነስኩም።

ዓይኗን ከመንገዱ ወደ እኔ ትመልሳለች።

«የሱን ሰማሁ» ትላለች። «ያንቺስ?»

የመኪናው አቧራ ጮጮው ክዳን ላይ እየወረደ ነው። እናቴ አታራግፈውም። አፌን ታያለች።