ካቴናው የተፈታ ዕለት

አላምረው ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሞተሩን አጠፋና ሞተር ብስክሌቱን ወደ እናቱ ደጅ ለቀቀው። የሚንቃጨል ነገር የለም። ጎማው ጭቃውን ሲረግጥ ብቻ ይሰማል። «ተሳካ!» አለ በሆዱ።

ታላቅ ወንድሙ ባምላክም እንዲሁ ነበር የሚመጣው። ነዳጅ ለመቆጠብ ከአፋፉ ያጠፋዋል፤ የላላው ካቴና ግን ቀጭ ቀጭ እያለ መምጣቱን ቀድሞ ያወራበታል። ሰኔ ላይ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ሊማሊሞ ላይ ካቴናው ተበጥሶ ጎማው ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩ አስፋልቱ ላይ ቀረ፣ ባምላክ ገደል ገባ።

ከዚያ ወዲህ እናታቸው ትርንጎ፣ ከሰዓት ጉሙ በወረደ ቁጥር ያን ቀጭታ ትሰማለች። ደጅ ድረስ ይመጣና ይቆማል። ትወጣለች፤ ማንም የለም። እህል የሚባል ነገር አልወርድ ብሏት ሰውነቷ እንደ ጧፍ አለቀ። ጎረቤቶቿ እሷንም ልንቀብር ነው ብለው ፈርተዋል፤ አላምረውም ፈርቷል።

አዘዞ ሞተር የሚጠግን ሰው ምን ያድርግ? ሐዘን በመፍቻ አይፈታም። እሱ ግን የሚያውቀው መፍቻ ብቻ ነውና የወንድሙን ሞተር አመጣ፣ ካቴናውን አውልቆ ጣለ፣ ጎንደር ቶርኖ ቤት አዲስ የብረት ጥርስ አስቀርጾ በካቴናው ፈንታ እንደ ቀበቶ ያለ የጎማ ቺንጋ ገጠመለት። ባልደረቦቹ ሳቁበት። «ቺንጋ ለወፍጮ ነው! ካቴና ቢበጠስ መንገድ ላይ ትቀጥለዋለህ፤ ቺንጋህን ጠጠር ቢበላውስ?» እውነታቸውን ነው። ግን ቺንጋ አይጮህም። እናቱ ዝምታውን በጆሮዋ ሰምታ፣ ያ ድምፅ ከዓለም መጥፋቱን አምና አንዲት ጉርሻ ብትጎርስለት ሌላ ምንም አይፈልግም።

ትርንጎ የአጥሩን በር ይዛ ቆማ አገኛት። ጉሙ ከኋላው እየወረደ ነው።

«እማ፣ የባምላክ ሞተር ነው» አላት ከኮርቻው ሳይወርድ። «ካቴናውን ፈታሁት። ከእንግዲህ አትሰሚውም።»

«ምን አልህ?»

«ካቴናውን ፈታሁት።»

ትርንጎ ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም፤ ደስ ሊለው ሲገባ ጀርባውን ቀዘቀዘው።

«ሸጋ አደረግህ ልጄ! ቄሶቹ ፈቱት፣ ተዝካሩም ወጣ፤ ምነው ታዲያ ደጅ ይቀራል እያልሁ ሳለቅስ፣ ለካ ካቴና ይዞት ኖሯል። የታሰረ ሰው ደጅ ቢደርስ እንደምን ብሎ ይገባል?»

«የሞተሩን ነው እኮ ያልሁሽ፣ እማ። ጎማውን የሚያዞረውን…»

«እኔስ የምኑን አልሁህ?»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ገለል ብላ ቆመች፤ ለእንግዳ መንገድ እንደሚለቀቅ። ጉሙ ገባ። የደጁ ዋርካ ጠፋ፣ መንገዱ ጠፋ። ድምፁ የሚመጣበት ሰዓት ነበር። አላምረው ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ። ምንም። እሱ ራሱ የሠራው፣ የለፋበት ዝምታ ነው፤ አሁን ግን አንዲት ቀጭታ ብትሰማ ምንኛ በወደደ።

አጥሩ ሥር የተኛው ውሻ ተነሣ። አልጮኸም። ጭራውን እየቆላ በአላምረው አጠገብ አለፈና ከሞተሩ ኋላ ቆመ።

የሞተሩ የኋላ ሞላ ዝቅ አለ። ቀስ ብሎ፣ ሙሉ ሰው ሲፈናጠጥበት ዝቅ እንደሚለው። አላምረው ዞሮ ሊያይ ፈለገ፤ አንገቱ እምቢ አለው።

ትርንጎ በትከሻው ላይ አሻግራ ታያለች። የገረጣው ፊቷ ላይ ደም ተመልሷል።

«ትንሽ ጠጋ በልለት» አለች። «ምሳ ላቅርብ። እኔም ርቦኛል።»

አላምረው የነዳጅ ታንከሩን ጨብጦ ወደ ፊት ጠጋ አለ።