የሊሻን ጠባቂ

ሥልጠናው በስልክ ነበር የሚሰጠው። ከአዲስ አበባ የተላከ ቪዲዮ ነው፤ ለጤና ባለሙያዎች የጭንቀት አያያዝ የሚል። ፀጉሯን ተተኩሳ የተቀመጠች አሠልጣኝ በለሰለሰ ድምፅ ትንፋሽ ስለ መሳብ ታስተምራለች። ሆሳዕና ባለው ሆስፒታል፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ መጀመሪያ ያሳቃቸው ይኸው ነበር።

«እኛ ጓንት ጠየቅን፤ እነሱ አየር ላኩልን» አለች አዋላጇ ሊሻን።

ባልደረባዋ ገነቴ አልሳቀችም። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሃቢባ ሥልጠናው ግዴታ መሆኑን ሲናገሩ እሷን ለይተው፣ «አንቺ በተለይ በደንብ ተከታተዪው» ብለዋታል። ገነቴ እንደ አደራ ተቀበለችው። አደራው ስለ ማን እንደሆነ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም።

ክረምቱ ሲገባ ከፎንቆ በኩል በባጃጅ የመጣች ወላድ እጃቸው ላይ ሞታ ነበር። ደሟ አልቆም አለ። ሊሻን ደም ፍለጋ ስትሮጥ ገነቴ የሴትዮዋን እጅ ይዛ ቆመች። ሊሻን ባዶ እጇን ስትመለስ ነገሩ አብቅቷል። ሊሻን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። ገነቴ ግን እንባ አልወጣትም። አስከሬኑን አጥባ ለባልየው አስረከበች፤ ሕፃኑን ለአማቲቱ አቀበለች፤ ቀጥሎ የመጣችውንም አዋለደች። ሁሉም በጥንካሬዋ ተገረመ።

ቪዲዮዎቹን ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች። እንቅልፍ እምብዛም ስለማይወስዳት ጊዜ ነበራት። ሥልጠናው ስለ ደም እጥረት የሚያወራ ክፍል አልነበረውም። የተጎዳ ባልደረባን ስለ መለየት ግን ነበረው። ምግብ ይተዋል፤ ቤቱ መግባት ይጠላል፤ ነገር ይደብቃል። ገነቴ ይህን ስትሰማ ሊሻን ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት።

ሊሻን ምሳ ቋጥራ ትመጣለች፤ ግን አትበላም። ቆጮውንና ጎመኑን ወደ ገነቴ ገፋ ታደርጋለች።

«ብዪ እንጂ። ጋዋንሽ እኮ ተንጠልጥሎብሻል።»

«አንቺስ?»

«በልቻለሁ።»

ውሸት ነው። ከጠዋት ጀምሮ አብረው ነበሩ።

ከሥራ ሲወጡም ቀጥ ብላ ወደ ቤቷ አትሄድም። ቤቷ በመናኸሪያው በኩል ነው፤ ባልና ልጆች ይጠብቋታል። እሷ ግን ከገነቴ ጋር በተቃራኒው መንገድ ትሄዳለች። የገነቴ ቤት በር ላይ ስትደርስም ወሬ እየፈጠረች ትቆማለች፤ ካልገባሁ ትላለች። ገነቴ ደክሟት እንኳ ቢሆን ታስገባታለች። ብቻዋን መሆን የፈራ ሰው ከበር አይመለስም።

አንድ ቀን ሽንት ቤት ውስጥ ስታለቅስ ሰማቻት። እስክትወጣ ጠብቃ፣ ቪዲዮው እንዳስተማረው ቀስ ብላ እጇን ያዘች።

«ሊሻን፣ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም።»

ሊሻን ትኩር ብላ አየቻት። «ያንቺም አልነበረም» አለች።

«ስለ እኔ አይደለም የምናወራው።»

ሊሻን ተመልሳ ገባችና በሩን ዘጋች።

የዚያን ሳምንት ዓርብ ገነቴ ሲስተር ሃቢባ ቢሮ ገባች። ጓደኛን አሳልፎ እንደ መስጠት ሆኖባት ኮሪደሩ ላይ ስትመላለስ ቆይታ ነበር።

«ሲስተር፣ ሊሻን ራሷ ላይ አንድ ነገር እንዳታደርስ ፈርቻለሁ።»

ሲስተር ሃቢባ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን አይተሽ ነው?»

«አትበላም። ቤቷ መሄድ አትፈልግም። ዛሬ ደግሞ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ፈልጌ ሳጣው፣ ደረቷ ውስጥ ስትሸጉጠው አየኋት። የማደንዘዣውን። እዚያ ውስጥ ያለው ምን እንደሚያደርግ ለእርስዎ አልነግርዎትም።»

«አንቺስ ቁልፉን ለምን ፈለግሽው?»

«እንዲሁ ነው። ቦታው ላይ መኖሩን ሳላይ ወደ ቤት አልሄድም።»

ሲስተር ሃቢባ ተነስተው በሩን ዘጉ፤ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ጀርባ ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ምን እናድርግላት ታዲያ?» አለች ገነቴ።

«ገነቴ፣ ልጄ» አሉ ሲስተር ሃቢባ፤ «ቁልፉን ካንቺ እንድትሸሽግ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።»