የግራ ትከሻ

«ማነው የቀባሽ?» አሉ አክስቷ ደልሲ፣ ሎሬን ትከሻና ደረቷን ተቀብታ የተነሳችውን ፎቶ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው።

«ራሴ ነኛ» አለች ሎሬን። «አምና፣ ፓሪስ። የድሮ ሰው ፎቶ እያየሁ፣ በመስታወት።»

አሮጊቷ ሆስፒታሉ ውስጥ የግራ ክንዳቸው ከኩላሊት ሕሙማን ደም ማጠቢያ ማሽን ጋር እንደታሰረ ሳቁ። «አይ የወንድሜ ልጅ! ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጠሽዋል። ነጮቹስ ምን አሉ?»

«ቆመው አጨበጨቡ።»

«ምን ያርጉ፣ ምስኪኖች።»

ሎሬንም ሳቀች። በአራት ዓመቷ የነጮቹ መንግሥት ሰዎች ከእናቷ እጅ ነጥቀው ከወሰዷት ወዲህ፣ ከወገኔ የቀረልኝ የምትለው ያንን ቀለም ነበር። ሠላሳ ዓመት በየአገሩ መድረክ የጨፈረችው እሱን ተቀብታ ነው። በወገኖቿ ዘንድ ደግሞ ሰው ራሱን አይቀባም፤ የአባቱ እህቶች ይቀቡታል።

«እንግዲያው እርስዎ ይቀቡኝ» አለች። «አንዴ፣ በትክክል። ጭፈራ ለማስተምራቸው ልጆች እንዳሳያቸው።»

ሎሬን ለቀለም ያመጣችውን ቀይ አፈር ነርሷ በር ላይ አስቀርታዋለች። አክስቷ ለቀኑ የተመጠነችላቸውን አንድ ኩባያ ውሃ አዩ፤ ከዚያ ጣታቸውን ነከሩባት። ሎሬን መጋረጃውን ስባ ሸሚዟን አወለቀች።

አሮጊቷ እያንጎራጎሩ ከቀኝ ትከሻዋ ጀመሩ። አንድ መስመር፣ ሁለት፣ ከዚያ ወደ ጡቷ የሚወርድ አንድ ጠማማ። ሎሬን ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዱን በቆዳዋ አጠናች። ዘመድ ሲቀባት በዕድሜዋ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ደረቷ መሐል ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ዜማውም አብሮ ቆመ።

«ግራውስ፣ አክስቴ?»

«ግራው የኔ አይደለም፣ የእህቴ ነው። የዚያች አምና የቀበርናት።» የሞተ ሰው ስም አይጠራምና አልጠሩትም።

«ስትቀባ አይተው የለ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ። አልተሰጠኝም እንጂ። ያልተሰጠኝን በምን እጄ?»

«ለማን ሰጠችው ታዲያ?»

አክስቷ ፎቶውን መለሱላት። «አንቺን ስትጠብቅ ነበር። ልከንብሽም ነበር።»

ልከውባታል። መልእክቱ ፓሪስ ደርሷት፣ ትርኢቱ ሲያልቅ እመጣለሁ ብላ መልሳ ነበር። ፎቶውን የተነሳችው በዚያው ሳምንት ነው።

የአየር ማቀዝቀዣው ቀጥታ ይነፍስባታል። ትከሻዋ ላይ ያለው ውሃ ከላይ ጀምሮ ይደርቅ ጀመር።

«ልበሺ ልጄ፣ ይበርድሻል» አሉ አክስቷ።

ሎሬን ሸሚዟን ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀረች። ብትለብሰው የቀረውን ይጠርገዋል።