ነፋሱ የወሰደው ጥያቄ

ኮረብታው ጫፍ ላይ ቀድማ የደረሰችው እሷ ነበረች። ሣሩ ላይ ተቀምጣ ዘወር ስትል ጓደኛዋ ሠላሳ እርምጃ ያህል ከታች ቆሟል፤ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ብቻውን ያወራል። ከኋላው የባሕር ዳር ከተማ የቤት ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጣና ነው። ነፋሱ ድምፁን ወደ ሐይቁ ይዞት ሄደ፤ አንድም ቃል አልደረሳትም።

ከጫማው ቀና ሲል ከንፈሩን ግን አየችው። ስድስት ዓመት ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ሠርታለች። እዚያ ማሽኑ ሲጮህ ጆሮ አይሠራም፤ ሴቶቹ የሚጨዋወቱት አንዷ የሌላዋን ከንፈር እያየች ነው። «ማክሰኞ ለብሔራዊ ውትድርና እሄዳለሁ» አለ ከንፈሩ። ራሱን ነቀነቀና እንደገና ጀመረ። «ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው። ትጠብቂኛለሽ?» ሦስት ጊዜ ደጋገመው። እሷም ሦስቱንም ጊዜ ሳትነቃነቅ አዳመጠችው።

ሕፃን እንኳ የሚወጣው ኮረብታ ነበር፤ እሱ ግን እያለከለከ አጠገቧ ደርሶ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሐይቁን ተመለከተ።

«ነፋሱ ደስ ይላል» አለ።

«ደስ ይላል» አለችና እጁን ያዘችው። «እጠብቅሃለሁ።»