የት ልጥራህ?

መሸሻ እጁን አላወጣም። ኮልፌ ካለው ቤቱ ሳሎን የተሰበሰቡት አራቱ የአማተር ሬዲዮ ወዳጆቹ ግን የቀረበውን ቁጥር ደግፈው እጃቸውን አውጥተው እሱን ይጠብቁ ነበር። በሳተላይት በኩል በድምፅ ሳይሆን በኮምፒውተር እየጻፉ ለሚነጋገሩ ሰዎች አንድ የመጥሪያ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም የሞገድ ቁጥር፣ ለመወሰን ነበር የተገናኙት። ሳተላይቷ በአናታቸው ላይ የምትቆየው አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የት እንደሚጠራሩ አስቀድመው ካልተስማሙ ሲፈላለጉ ታልፋቸዋለች።

«ጋሽ መሸሻ፣ ምን ብዬ ልመዝግብ?» አለችው ቃለ ጉባኤ ያዧ ማራናታ።

«ለድምፅ ያለን የሞገድ ቦታ ራሱ ጠባብ ነው። ትንሽ እንታገስ» አለ። ምክንያቱ ይህ እንዳልሆነ ግን ልቡ ያውቀዋል። አጠገቡ የተቀመጠው ጥሩነህ ጉሮሮውን በቀዶ ጥገና ከታከመ ስምንት ወሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሸሻን በሬዲዮ ሲጠራው የኖረው ያ ድምፅ ነበር። አሁን በዚህ ቁጥር መስማማት ድምፁን አፈር እንደ ማልበስ ሆነበት።

ጥሩነህ ወረቀት ሳብ አድርጎ ጻፈና ወደ እሱ ገፋለት። «ለድምፄ አልቅሼ ወጥቶልኛል። አሁን የት ልጥራህ?»

መሸሻ ሁለቴ አነበበው። ከዚያም የወዳጁን ክንድ እንደያዘ፣ ቁጥሩን ለማራናታ አንድ በአንድ ነገራት።

«ማክሰኞ ሳተላይቷ ስትመጣ» አለ ወደ ጥሩነህ ዞሮ፣ «እንደ ድሮው አንተ ቀድመህ ጥራኝ።»